ከቋንጣ ሥር የደበቅኳት ዓሣ

ከሎስ አንጀለስ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። የዕድራችን ሴቶች በየመንገዱ እያስቆሙ «አሜሪካ እንዴት ናት?» ይሉኛል። ለእያንዳንዷ ቆሜ እንዳላወራ ደግሞ ጉልበቴ አይችልም ብል ይቀላል፤ ቆሜ ላውራ ብል አይሸከመኝም። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ያነበበች ላላነበበችው ትንገራት። ስለ ፎቅና ስለ ፊልም ተዋናይ የምትጠብቅ ካለች ግን ከአሁኑ ተስፋዋን ትቁረጥ። እኔ የሄድኩት መዳፍ ለማትሞላ ዓሣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለድኩት አሰብ ነው። አባቴ የቦቴ ሾፌር ነበር። እናቴ ስትሞትበት ልጅ ይዞ አገር ለአገር መንዳት ቢያቅተው፣ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ «ሦስት አሉኝ፣ አራተኛ ትሁን። ትሪው እንደሆነ ሰፊ ነው» ብለው ወሰዱኝ። ከዚያ ትሪ ላይ የማይጠፋው ያቺ ዓሣ ነበረች። ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ ብርማ ስለሆነች እኛ ልጆቹ «ሳንቲም» እንላታለን። ጎርፍ ባሕር በሚገባበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ በመንጋ ትመጣለች፤ ውሃው ብልጭ ሲል አሮጌ አጎበር ይዘን እንሮጣለን። አፏን ይዘው ሲስቡት ወደ ፊት ይረዝማል። እያስረዘምን መሳቅ አንዱ ጨዋታችን ነበር። ክፋቷ አጥንቷ ነው፤ ከሥጋዋ ይበልጣል።

እትዬ ብርቄ አሁን ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። የሚኖሩት ከመጨረሻ ልጃቸው ከሰላም ጋር ሎስ አንጀለስ ነው። ሰላም እኔ ካደግኩ በኋላ የተወለደች ናት፤ ከአሰብ ስንወጣ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጀርባዬ ላይ ነው ያደገችው። አንድ ማታ ደወለችልኝ።

«ጥሩዬ፣ እማ መብላት አቁማለች። ብዙ ኪሎ ሎዝ አድርጋለች። ምርመራው ሁሉ ኦኬ ነው ይላሉ፣ ግን ዶክተሩ በዚህ ወር ክብደት ካልጨመረች በሆዷ ቱቦ ማስገባታችን ነው አለኝ። ምን ልስጥሽ ስላት አንድ ቀን ብቻ ‹ያቺን ትንሿን ዓሣ› አለች። እኔ አላውቃትም። አንቺ ታውቂያታለሽ አይደል?»

እንዴት አላውቃት! የአሜሪካ ቪዛ ዐምና ወጥቶልኝ ጉልበቴ ታሞ ሳልሄድበት ቀርቼ ነበር። ከጅቡቲ የሚመላለሰው ሾፌር የአክስቴ ልጅ አንድ ኪሎ ደረቅ ሳንቲም ይዞልኝ መጣ። ሰላም ቲኬት ላከች፤ ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከኮምቦልቻችን በአውቶቡስ በሌሊት ወጣን። ከሚሴ ሳንደርስ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው «ሾፌር፣ የሆነ ነገር እየሸተተ ነው፣ ጎማውን እየው» አለ። ሾፌሩ አቁሞ ጎማ ዞረ። ረዳቱ ሞተር ከፍቶ አሸተተ። እኔ እግሬ ሥር ያለውን ከረጢት በነጠላዬ ሸፍኜ የተራራውን ጉም አሻግሬ የማይ መሰልኩ። ደብረ ሲና ላይ ለምሳ ስንወርድ ሰውየውን ሻይ ጋበዝኩት፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም።

አዲስ አበባ ያደርኩት ከወንድሜ ልጅ ቤት ነው። ሻንጣውን ስንሸክፍ ከረጢቱን አሽትታ «እትዬ፣ ይሄ በጭራሽ አያልፍም» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅ እንከን ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንከን መፈለግ የሚያውቅ መደበቅም ያውቃል አልኩ በልቤ። ሁለት ኪሎ ቋንጣ ነበረኝ። ዓሣውን አንድ ከረጢት ውስጥ ከታች ነሰነስኩት፣ ቋንጣውን ከላይ ጫንኩበት፣ አፉን በፕላስተር አሸግኩት። ቋንጣ የማያልፍበት በር የት አለ?

ሁለተኛው ቀን ሙሉ ሰማይ ላይ አለቀ። ስለ እሱ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ጫማችሁን ካወለቃችሁ እግራችሁ አብጦ መልሶ አይገባም። ሎስ አንጀለስ የወረድኩት በነጠላ ጫማ ነው።

ሦስተኛው ቀን የምልበትን ምክንያት እኔም አላውቅም፤ እነሱ ዘንድ ገና ሁለተኛው ነው። ሻንጣዬን ስጎትት አንዲት ድመት የምታህል ውሻ መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች። አልጮኸችም፤ እንደ ጨዋ እንግዳ ቁጭ ብቻ። የዩኒፎርሙ ሰውዬ ወደ ጠረጴዛ ወሰደኝና ቋንቋችንን የምትናገር ልጅ ጠራልኝ።

«እናቴ፣ ምን ምግብ ይዘዋል?»

«ቋንጣ ነው፣ የኔ ልጅ» አልኩ ቀና ብዬ። 

ሰውዬው ጓንት አጥልቆ ከፈተው። ቋንጣውን ሲያነሣ ሳንቲሞቹ ከሥር ብቅ አሉ። ልጅቷ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«ዓሣ ነበረዎት? ለምን አልተናገሩም? ዓሣው እኮ ለብቻው ቢሆንና ቢናገሩ ያልፍ ነበር። የተከለከለው ሥጋው ነው። አብረው ስለታሸጉ ግን ሁለቱም ይጣላሉ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው ይኼው ነው። ለሌላው ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይሁን፤ ከረጢቱ ወደ ትልቁ በርሜል ሲገባ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ልጅቷ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፣ ውሃ አመጣችልኝ፣ «አይዞዎት፣ ይናገሩ እንጂ ነው ያልኩዎት፣ ወንጀል አልሠሩም» እያለች ጀርባዬን አሻሸችኝ። ስሟን ሳልጠይቃት መውጣቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሰላም ደጅ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። በመኪና ስትወስደኝ በአንድ እጇ መሪ፣ በአንድ እጇ የተጠቀለለ ዳቦ ይዛ ትበላለች።

«ቤት ደርሰሽ አትበዪም?»

«ሺፍት አለኝ ጥሩዬ። አንቺን ድሮፕ አድርጌ ፓሳዴና መሄድ አለብኝ።» ሥራዋ ሽማግሌዎችን መንከባከብ ነው፤ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ በማንኪያ ታጎርሳለች።

ቤታቸው ፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። እትዬ ብርቄ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ያ ትልቅ ሰውነት የት እንደሄደ እንጃ፤ ሳቅፋቸው የትከሻቸው አጥንት ደረቴን ወጋኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል ጆሮዬ ላይ «አመጣሽልኝ?» አሉኝ።

«ሻንጣው ዘግይቷል፣ እትዬ። በኋላ ይደርሳል ብለውኛል።» ዋሸሁ። ሌላ ምን ልበል?

እግር ያላት ትንሽ ትሪ አለች፤ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ጭኑ ላይ የምትዘረጋ። ሰላም ሾርባ አሙቃ በእሷ ላይ አቀረበችላቸውና፣ ግንባራቸውን ስማ፣ እየሮጠች ወጣች። ማቀዝቀዣው በትንንሽ ሳህን ተሞልቷል፤ «ሰኞ ምሳ»፣ «ሰኞ እራት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ጽዳቱን ብትሉ እንከን የለውም። እትዬ ሾርባውን አንዴ አማሰሉና ወደ እኔ ገፉት። «ብዪ፣ ከመንገድ ነው የመጣሽ» አሉኝ። እኔ ደግሞ እንግዳ አይደለሁ? «አውሮፕላን ላይ በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ» ብዬ መለስኩት። ሾርባው እዚያው ቀዘቀዘ።

አራተኛው ቀን፦ የሰላም ጎረቤት ጋሼ መርዕድ የሚባሉ ጡረተኛ የታክሲ ሾፌር ናቸው። የመጣሁበትን ጉዳይ ስነግራቸው ኮፍያቸውን አደረጉና «ሶ፣ ከዚሁ ከሠፈራችን እንጀምራ!» አሉ። ፌርፋክስ ላይ ከሱቅ ሱቅ ገባን። እንጀራው በላስቲክ ተደርድሯል፣ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ኮረሪማው፣ የሐበሻ ቀሚሱ፣ ጀበናው ሁሉ አለ። ከኮምቦልቻ ገበያ የሚለየው መደብ ላይ ተቀምጣ የምትከራከራችሁ ሴት አለመኖሯ ነው። ሳንቲም ዓሣ ግን የለም። አንዱ ባለ ሱቅ የቆርቆሮ ሰርዲን አወጣልኝ። ሌላው «እኛ ደገኞች ነን፣ እትዬ፣ ዓሣ ይፈራናል» ብሎ አሳቀኝ።

ደክሞን አንድ ምግብ ቤት ቁጭ አልን። ባለቤቷ ታሪኩን ሰምታ ወደ ጓዳ ገባችና አንድ ትልቅ የተጠበሰ ዓሣ በፎይል ጠቅልላ ወጣች። «ለእናታችን ይውሰዱላቸው። አይ፣ ቦርሳዎን አይንኩ» አለች። ጋሼ መርዕድ መኪናቸውን ፓርክ ያደረጉበት ቦታ ሰዓቱ አልፎ የቅጣት ወረቀት ተሰክቶ ጠበቀን። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ይቺ ደግሞ የከተማው ሰላምታ ናት» አሉ።

እትዬ ብርቄ ፎይሉን ገልጠው አዩት። «ይቺ የሐይቅ ናት። የኛ ጨው ውሃ ታውቃለች» አሉ። ከሆዱ በኩል አንድ ጉርሻ የሚሆን ቆርሰው ግን ወደ እኔ ዘረጉ። ምግብ ቤቱ አስጨንቆ ስላበላኝ «ኧረ ጠግቤያለሁ፣ እትዬ፣ እርስዎ ይብሉ» አልኩ። እጃቸውን መለሱ፤ ጉርሻውን ትሪዋ ላይ አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እንከን አዋቂዋ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አላየሁም።

አምስተኛው ቀን ዝናብ ነበር። እዚያ አገር ዝናብ ሲዘንብ ሰው እንደ ጉድ ያወራል። ሰላም ከሥራ ስትመለስ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።

«ጥሩዬ! አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት አለች። እናቴ ትንሽ፣ ክብ፣ ብርማ ዓሣ ትፈልጋለች አልኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹አፏን ስትጎትቺው የሚረዝመውን?› አለችኝ! እነሱም ልጅ ሆነው እንደዚያ ይጫወቱ ነበር። ‹ሳፕሳፕ› ነው የሚሏት። ቶራንስ በኩል የሚሸጥበት ሱቅ አለ፣ አድሬሱን ቴክስት አድርጋልኛለች።»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ባሕር ተሻግሮ፣ ቋንቋ የማንጋራቸው ልጆች የዚያችኑ ዓሣ አፍ እየጎተቱ ሲስቁ ታዩኝ። ደስ አለኝ፤ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ስድስተኛው ቀን እሑድ ነው። ሰላም በሳምንት አንድ ቀን የምታርፈው ያኔ ነው፤ ጠዋት ቸርች ሄዳ እስክትመለስ እኔና ጋሼ መርዕድ ወደ ቶራንስ ወጣን። ፍሪዌዩ ላይ ስድስት ረድፍ መኪና አንድ ላይ ይሄዳል፤ አንዱ ሲዞር ሌላውም ይዞራል። እንደዚያ ሲሄድ ያየሁት ሳንቲምን ብቻ ነው። ቶራንስ ስንደርስ በመስኮቱ አንድ ሽታ ገባ፤ የነዳጅ ማጣሪያ ሽታ። ቀና ስል ቱቦው፣ ጋኑ፣ ጭስ ማውጫው ቆሟል። የአሰብም ማጣሪያ እንደዚሁ ነበር፤ አባቴ ቦቴውን የሚሞላው ከዚያ ነው። እስክናልፈው አንገቴን አዙሬ አየሁት። ጋሼ መርዕድም ገብቷቸው ሬዲዮውን ዘጉ።

ሱቁ ውስጥ በረዶ ላይ የተዘረጋውን ዓሣ በየዓይነቱ አየሁ። ከጥጉ ደርሼ ቆምኩ። ክምር ሳንቲም! በጣቴ አንዷን አነሣሁና አፏን ሳብኩት። ረዘመ። ሻጯ እኔን የምታክል ሴትዮ ናት፤ አየችኝና እሷም አንድ አንሥታ አፏን ሳበችው። ሁለታችንም እዚያው ቆመን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ሁለት ኪሎ ገዛሁ። ስንወጣ ከኋላ ተከትላ መጥታ ክብሪት ሳጥን የማታህል፣ ክብ፣ አረንጓዴ ሎሚ በከረጢት ሙሉ ሰጠችኝ፤ ከዚህ ጋር ብይው ማለቷ መሰለኝ።

ቤት ገብቼ ልጋጉን በጨውና በሎሚ አጠብኩ፣ ዱቄት ቀባሁ፣ ዘይት አግዬ መጥበስ ጀመርኩ። ሦስተኛውን ሳወጣ ጣራው ላይ ያለችው የጭስ ደወል መጮህ ጀመረች። ከቸርች የተመለሰችው ሰላም በፎጣ ታራግባለች፣ ጋሼ መርዕድ ወንበር ላይ ወጥተው ደወሏን ይደበድባሉ፣ ከታች ያሉት ጎረቤቶች በር ያንኳኳሉ። በዚህ ሁሉ መሐል እትዬ ብርቄ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ያሸታሉ።

የተጠበሰውን በሳህን አሳምሬ፣ በዚያች እግር ባላት ትሪ ላይ አቀረብኩላቸው። እኔና ሰላም ወደ ማድቤቱ በር ፈንጠር ብለን ቆመን ጠበቅን። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንደዚያ ቀን የሰው አፍ አይቼ አላውቅም። እትዬ ዓሣዋን አነሡ። አገላብጠው አዩ። መልሰው አስቀመጡ።

 ሰላም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እትዬ ግን ትሪዋን ከጭናቸው አንሥተው ወደ ጎን አደረጉ። የሶፋውን ክንድ ይዘው ተነሡ፤ ስድስት ወር ያለ ሰው እርዳታ አልተነሡም ብላኝ ነበር ሰላም። ትልቁ ጠረጴዛ ጋ ሄደው ተቀመጡና «ምን ትገተራላችሁ? ትሪ አምጡና ቁጭ በሉ» አሉን። ትልቅ ትሪ አልነበረም፤ ሰላም የዳቦ መጋገሪያ ቆርቆሮ አወጣች። ዓሣውን ሁሉ እዚያ ላይ ገለበጥኩ። ጋሼ መርዕድ ሹልክ ሊሉ ሲሉ «አንተም ና» ተባሉ፤ ሰባ ዓመታቸው ነው፣ እንደ ልጅ መጥተው ተቀመጡ።

ከዚያ እጃቸው ሥራ ጀመረ። አንዷን አነሡ፤ አውራ ጣታቸውን በጀርባዋ አስገብተው ከፈሏት፤ የመሐሉን አጥንት ከነጎድኑ በአንዴ ሳቡት፤ በሁለት ጣት ሥጋውን ዳበሱት። ሎሚ ጠብ አደረጉበት። «አ በዪ» አሉኝ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። አ አልኩ።

ቀጥሎ ለሰላም። ቀጥሎ ለጋሼ መርዕድ። ዞረው እንደገና ለእኔ።  ሦስታችንም «በቃን፣ ጠገብን» እስክንል ድረስ እሳቸው አንድ አልቀመሱም። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። አሰብም እንዲሁ ነበሩ። የአራታችንን አጥንት ለቅመው፣ አጉርሰው፣ ሁላችንም ጠገብን ስንል ነበር የሚጀምሩት። እንዴት ረሳሁት? ስድስት ወር ሙሉ ምግባቸው በትንሽ ትሪ፣ ለብቻቸው፣ ከሁሉ ቀድሞ ሲቀርብላቸው ኖሯል። እኔም መጥቼ ሁለት ጊዜ ሲዘረጉልኝ «ጠግቤያለሁ» ብዬ እጃቸውን መለስኩ።

«ጠገባችሁ?» አሉ።

«ጠገብን።»

«እንግዲያው ራሱ የኔ ነው» አሉና የተከመረውን የዓሣ ራስ ወደ ራሳቸው ሳቡ። አንዱን ወደ አፋቸው አስገብተው አኘኩ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ልጅ ሳለሁ ራሱ ከሁሉ የሚጣፍጥ ነው ሲሉን አምናቸው ነበር።

ሰላም ማልቀስ ጀመረች። «እማ፣ ስንት ጊዜ ብዪልኝ ብዬ ለመንኩሽ?»

«አንቺ መች በላሽ?» አሏት ሳይቆጡ። «ስትሮጪ ነው የማይሽ። ለሰው እናት ስታጎርሺ ትውያለሽ፣ አንቺ መኪና ውስጥ ዳቦ ትገምጫለሽ። ልጄ ሳትበላ እኔ ምን ብዬ ልብላ?»

ሰላም ወንበሯን ስባ ተጠጋቻቸው፣ ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣለች። እትዬ በዘይት እጃቸው ፀጉሯን ላለመንካት ክርናቸውን አንተርሰዋት መብላታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

«ሻንጣሽ መጣ?»

«መጣ፣ እትዬ።»

«ቶራንስ ድረስ ነው እንዴ የሄደው?» አሉ። ጋሼ መርዕድ ጣራ ጣራ አዩ። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ሳምንት ቀን በቀን አልጽፈውም፤ ሁሉም ቀን ምሳ ነው። ሰላም አለቃዋን ለምና ሺፍቷን ወደ ከሰዓት ቀየረች። እግር ያላትን ትሪ አጥፈን ከቁም ሣጥን ጀርባ ከተትናት። ሚዛን ይዛ የምትመጣዋ ነርስ በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አላለችም፤ በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ጊዜ መዘነቻቸውና ፈገግ አለች። ዶክተሩም ቱቦው ለጊዜው ይቅር አለ። ለጊዜው ነው፤ እድሜያቸው የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ስሰናበታቸው አላለቀሱም። እጄን ይዘው «ኮምቦልቻ ከማን ጋር ነው የምትበዪው?» አሉኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ማድቤት ውስጥ ቆሜ፣ ከድስቱ ላይ እንደምበላ ልነግራቸው አፈርኩ። እሳቸው እጄን ሳይለቁ ፊቴን አዩ።

ቤቴ በገባሁ በማግስቱ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ እዚያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፣ ቁርስ። ስከፍተው በቪዲዮው ሰላምና እትዬ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። ገንፎ ፊታቸው አለ፤ እትዬ ግን ማንኪያውን አላነሡም።

«አቅርቢ» አሉኝ።

ወደ ማድቤት ሮጬ ሽሮዬን አመጣሁ፣ ስልኩን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፌ ቁጭ አልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ በየማታው እንዲሁ ነው፤ ሴቶች፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬን ብታንኳኩ የማልከፍተው ለዚህ ነው። እስክጎርስ ያዩኛል። ስጎርስ ማንኪያቸውን ያነሣሉ። ትናንትም የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ አፌ ሳደርስ ጣታቸውን ወደ ስልኩ ቀሰሩ።

«ቀስ ብለሽ» አሉኝ፣ «አጥንት አለው።»

ሽሮ ነበር። ቀስ ብዬ አኘክሁት።